የቻይና መርፌ በፍኖተ ሰላም

(ፍኖተ ሰላም ዳር፣ ረፋድ ላይ። ከቀበሌ ጸሐፊነት በጡረታ የወጡት አያ አድማሴ ደጃፋቸው ላይ በርጩማ ስበው፣ የቻይና መድኃኒት በኩባያ ያማስላሉ። ባለጋሪው ገደፋው መሬት መሬቱን እያየ ይዞራል። ፈረሱ ከነጋሪው አጥሩ ሥር ቆሟል።)

አድማሴ፦ አንተ ሰውዬ፣ ለአንዲት ሚስማር ብለህ ግቢዬን ልታርሰው ነው?

ገደፋው፦ ጠዋት እዚችው በርዎ ላይ ነው የወደቀችብኝ፣ አያ አድማሴ። የጋሪው መቀመጫ ያለ እሷ አይጸናም። እርስዎን ጭኜ ሳንቃው ቢነቀል እትዬ ሰርካለም ምን ይሉኛል?

አድማሴ፦ ማን ይጫናል አለህ?

ገደፋው፦ እርስዎ ነዎታ። «ዛሬ የስኳሩ ቀጠሮ ነው፤ እንቢ ቢልህም ሆስፒታል ሳታደርሰው እንዳትመለስ» ብለውኝ ነው ገበያ የወረዱት።

አድማሴ፦ ሚስቴ የዳነ ሰው ሐኪም ቤት መላክ ትወዳለች። ይልቅ ቁጭ በልና ተማር። የስኳር በሽታ ምንድን ነው?

ገደፋው፦ ስኳር ሲበዛ ነዋ።

አድማሴ፦ የት ሲበዛ?

ገደፋው፦ ሱቅ ውስጥ?

አድማሴ፦ እንዲህ ያለ ጭንቅላት ይዘህ ፈረሱን ትነዳዋለህ ወይስ እሱ ነው የሚነዳህ? ደም ውስጥ ነው! የበላኸው እንጀራም፣ ዳቦም፣ ድንችም ስኳር ሆኖ ደም ውስጥ ይገባል። ያን ስኳር ሰውነት እንዲቀበለው የምታደርገው ቆሽት ናት። በእኛ ጊዜ የሳይንስ መጽሐፍ ላይ ከጨጓራ ሥር እንደ ምላስ ተጋድማ ተሥላ ነበር። የዛሬ ልጅ ይኸን የት ያውቃል!

ገደፋው፦ እትዬ ሰርካለም «በሱ ነገር ቆሽቴ አረረ» የሚሏት እሷን ነው?

አድማሴ፦ እሷኑ።

ገደፋው፦ ጉድ እኮ ነው። ቆሽታቸው ያረረው እሳቸው፣ ስኳሩ የያዘው እርስዎን!

አድማሴ፦ ዝም ብለህ ስማ! ቻይናዎቹ ይኸን ገና ድሮ «የጥማት በሽታ ነው፤ ውስጥ ሲግል ሰው ውኃ ውኃ ይላል» ብለው ደርሰውበታል። ይኸ ቅጠል ሙቀቱን ያበርዳል። ቡሬ ነው ያገኘሁት። ሻጩ መንገድ ከሚሠሩ ቻይናዎች ጋር ዓመት ሙሉ አካፋ ይዞ የኖረ ሰው ነው።

ገደፋው፦ እና ሕክምናውን በአካፋ ነው የተማረው?

አድማሴ፦ (እንዳልሰሙ ሆነው ከማሰሮ ማር ይጨልፋሉ) ዕውቀት በቅርበት ይጋባል።

ገደፋው፦ ማሩም የቻይና ነው?

አድማሴ፦ የሰከላ ማር ነው። መድኃኒቱ ይመራል፤ ካልጣፈጠ አይወርድልኝም።

ገደፋው፦ ማር… ስኳር አይደለም እንዴ?

አድማሴ፦ ስኳር ከፋብሪካ ነው፤ ማር ከአበባ። አበባ ታሞ አይተህ ታውቃለህ?

ገደፋው፦ ኧረ አላየሁም።

አድማሴ፦ እንግዲያው አትከራከር። (ሌላ ማንኪያ ይደግማሉ)

ገደፋው፦ የሆስፒታሉ ክኒንስ?

አድማሴ፦ ክኒኑንና ይኸን አንድ ሆድ ውስጥ ላጣላቸው? ካቆምሁት ቆየ። ማስረጃ ከፈለግህ፣ (እግራቸውን በኩራት ያነባብራሉ፤ የኮንጎ ጫማቸው ሶል ወደ ገደፋው ይዞራል) ይኸን እግር እየው። ሌሊት ሌሊት እንደ ሚጥሚጣ ያቃጥለኝ ነበር። አሁን ጸጥ! ምንም አይሰማኝ!

ገደፋው፦ (ሶሉን አይቶ ክው ይላል) አያ አድማሴ… እግርዎ ላይ…

አድማሴ፦ አታቋርጠኝ! ቻይናዎቹ ሌላም አላቸው፤ መርፌ። መድኃኒት የለው፣ ምን የለው፣ እንዲያው ባዶውን ሰውነት ላይ ተክለው ይተዉታል።

ገደፋው፦ እግር ላይም?

አድማሴ፦ ዋናው እሱ አይደል!

ገደፋው፦ ውስጥ እግር ላይ?

አድማሴ፦ የሰውነት ሥር ሁሉ የሚገናኘው የት ሊሆን ነው ታዲያ?

ገደፋው፦ ጫማ እንዳደረጉ?

አድማሴ፦ ባለሙያ ከሆነ በካፖርት ላይም ይወጋል።

ገደፋው፦ መርፌው እንዲህ ጠፍጠፍ ያለ አናት አለው?

አድማሴ፦ አናት ከሌለው በምን ይይዙታል፣ አንተ ደነዝ!

ገደፋው፦ እና አያምም?

አድማሴ፦ የሚያመው አላዋቂን ነው።

ገደፋው፦ (እፎይ ብሎ ይቀመጣል) እኔማ ደንግጬ ነበር። በሉ እንግዲህ ልጠብቅ።

አድማሴ፦ ምኑን?

ገደፋው፦ ሕክምናው እስኪያልቅ። ሲጨርሱ ሚስማሬን ይመልሱልኛል።

አድማሴ፦ የምን ሚስማር?

ገደፋው፦ ውስጥ እግርዎ ላይ የተከሏትን። እኔ ጠፋች ብዬ ግቢውን ሳስስ፣ ለካ እርስዎ ሥራ ላይ አውለዋታል።

(አድማሴ ከት ብለው ይስቃሉ። እየሳቁ ሶላቸውን ገልበጥ አድርገው ያያሉ። ሳቁ ይቆማል። የሚስማሩ አናት ሶሉ ላይ ተለጥፏል፤ በጫማው ቀዳዳ የረጋ ደም ይታያል።)

አድማሴ፦ ገደፋው።

ገደፋው፦ አቤት።

አድማሴ፦ አላመመኝም።

ገደፋው፦ አሉ እኮ። የሚያመው አላዋቂን ነው።

አድማሴ፦ (ድምፃቸው ወርዶ) ከጠዋት ጀምሮ ስረግጣት ነበር… ዳነልኝ ያልሁት እግር ለካ ደንዝዞ ኖሯል።

ገደፋው፦ ልንቀላት?

አድማሴ፦ እንዳትነካ! ሐኪም ይንቀላት! ምን ትገተራለህ፣ ጋሪውን አቅርብ እንጂ!

ገደፋው፦ መቀመጫው እኮ ሚስማር የለውም።

አድማሴ፦ ቆሜም ቢሆን እሄዳለሁ!

ገደፋው፦ በየትኛው እግርዎ?

(አድማሴ እጃቸውን ይዘረጋሉ። ገደፋው ደግፎ ያስነሣቸውና በሌላ እጁ ኩባያውን ያነሣል።)

ገደፋው፦ ይኸ መድኃኒትስ? ሌላው ቢቀር ማሩ ያሳዝናል።

አድማሴ፦ ለፈረስህ ስጠው!

ገደፋው፦ ይቅርበት፣ አያ አድማሴ። እሱ ደኅና ነው፤ ሚስማር ሲወጋው ይራገጣል።