ብቻዎትን ነዎት?

እኛ የወሎ መርሳዎች አዲስ አበባ እሄዳለሁ ለሚል ሰው ያለን ጥያቄ አንድ ነው፤ «ማን ታሞ ነው?» ሰው ወደዚያ የሚሄደው ሆስፒታል የተኛ ሲኖረው፣ ፍርድ ቤት ሲቀጠር ወይም ዓረብ አገር የምትሄድ ልጁን ሊሸኝ ነዋ! እኔ ባለፈው ክረምት «ማንም አልታመመ፣ ከተማዋን ላያት ነው» ብላት ጎረቤቴ ፋጡማ ግንባሬን ዳሰሰችው።

ምን ይገርማል? ዕድሜዬን ሙሉ መርሳ ላይ ጂኦግራፊ ሳስተምር፣ «ዋና ከተማችን» እያልኩ ካርታው ላይ በጠመኔ ስጠቁም ኖሬአለሁ። የማውቃት ግን በሆስፒታል ኮሪደሯ ነው። ባለቤቴ ሰዒድ፣ አላህ ይርሐመውና፣ ታሞ በተኛ ጊዜ ያየኋት አዲስ አበባ አንድ መስኮትና አንድ የመድኃኒት መደብር ነበረች። አሁን ልጆቼ ጎጆ ወጥተዋል፤ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ብሄድስ?

ኮልፌ የወንድሜ ልጅ አለ። ደግ ነው፣ ሚስቱም ደግ ናት። ነገር ግን ዘመድ ቤት ያረፈ ሰው ከተማ ሲያይ አይውልም፤ ዘመድ ሲያየው ነው የሚውለው። ስለዚህ ለማንም ሳልደውል፣ ማንጎ በማዳበሪያ ሳልሸከም፣ ትንሽ ቦርሳዬንና ዳቦዬን ይዤ ተሳፈርኩ። አቅሜ የሚችለው ርካሽ አልጋና በእግር መሄድ ብቻ ነበር። ያም ይበቃኝ ነበር፣ ወላሂ።

ላምበረት መናኸሪያ ስወርድ ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። ቆላ የለመደ ሰውነቴ ተንቀጠቀጠ። መጀመሪያ ያገኘሁት ፔንሲዮን ገባሁ። «ስንት ናችሁ?» አለኝ እንግዳ ተቀባዩ። «አንድ።» «ብቻዎትን?» «ብቻዬን።» «አልጋ የለም።» ከጀርባው ቁልፎቹ ምስማር ላይ ተንጠልጥለው ያዩኛል። ሁለተኛው ጋ ደግሞ ዘበኛው ከበር ሳያሳልፈኝ «ሴት ብቻዋን አናሳድርም» ብሎ ገላገለኝ። ቢያንስ አልዋሸም።

ሦስተኛው ቤት ስደርስ ነጠላዬ ይጨመቃል። ጠረጴዛው ኋላ ቀጭን፣ ትሑት የምትመስል ልጅ ተቀምጣለች።

«ብቻዎትን ነዎት?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ባለቤትዎስ?»

«ውርጌሳ፣ መቃብር ውስጥ። ካልመጣ አይሆንም ካልሽ ላስጠራልሽ።»

ልጅቷ ደነገጠች። «ይቅርታ እናቴ፤ ብቻዋን የመጣች ሴት እንዳታሳድሪ ተብዬ ነው። ጋሼ፣ የቤቱ ባለቤት፣ መጥፎ ስም ያመጣል ይላሉ።»

መጥፎ ስም! እኔ! የልጅ ልጅ ያየሁ ሴት፣ ቦርሳዬ ውስጥ ዳቦና የማንበቢያ መነጽር የያዝኩ! እዚያው እንደቆምኩ አንድ ሰው ብቻውን ገባ፤ መታወቂያ ሰጠ፣ ቁልፍ ተቀበለ። ከሱ ቀጥሎ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰውዬ ልጁ ልትሆን የምትችል ወጣት አቅፎ ገባ። የእሷን መታወቂያ ማንም አልጠየቀም። መጥፎ ስም እየተሳሳቀ በደረጃው ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ያደረግኩት እኔ አይደለሁም፤ ቁጣዬ ነው። በሩ አጠገብ ያለው ሶፋ ላይ ሄጄ ቁጭ አልኩ። ቦርሳ ያንጠለጠለ ጎልማሳ ሲገባ፣ ክፍል ውስጥ ያረፈደ ተማሪ በምጠይቅበት ድምፅ ጠየቅኩት።

«ወንድሜ፣ ብቻህን ነህ?»

«አዎ፣ ምነው?»

«ባለቤትህስ?»

«እ... እቤት ናት። ለስብሰባ ነው የመጣሁት።»

«እዚህ እንደምታድር ታውቃለች? ለአንተው ብዬ ነው። እዚህ ቤት ብቻውን መምጣት መጥፎ ስም ያመጣል አሉ።»

ሊስቅ ሞከረ፤ ልጅቷን አየ፣ እኔን አየ፣ ወጥቶ ሄደ። ቀጥሎ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተቃቅፈው ገቡ። ብድግ ብዬ «እንኳን ደስ አላችሁ! ሠርጉ መቼ ነበር?» አልኳቸው። ወደ ዝናቡ ተመለሱ።

ልጅቷ ስልክ ደወለች። ብዙም ሳይቆይ ጋሼ ጋቢ ደርበው ከላይ ወረዱ። በእኛ አገር ሽማግሌ ቢያናድድም አንቱ ነው።

«ሴትዮ፣ ሥራዬን እየዘጉብኝ ነው!»

«አንቱም በር ዘግተውብኛል። እህትዎ በዚህ ዝናብ ብቻዋን ብትመጣ የት ትደር?»

«ዘመድ ዘንድ ነዋ!»

«ዘመድ ከሌላትስ?»

«ታዲያ ምን ልትሠራ መጣች?»

ይኸውላችሁ። ሲያበግነኝ የዋለው ነገር ይኼ ነው። ሰውዬው ክፉ ሆነው አይደለም፤ ከልባቸው ነው የጠየቁኝ። ሴት ታማ፣ አስታማ ወይም ለቅሶ ደርሳ ካልሆነ ለምን ከቤቷ እንደምትወጣ በእውነት አልታይ ብሏቸዋል። ለወንድ «ሽርሽር» የሚባለው ነገር ለእኛ ሲሆን ስሙ ይጠፋል።

«ከተማዋን ላያት ነው የመጣሁት» አልኳቸው። «ካላሳደሩኝ ደግሞ እዚሁ ሶፋ ላይ ሆኜ የሚገባውን ሰው አያለሁ።»

ጋሼ በሩን አዩ፤ ደግሞም ሰው እየገባ ነው። «ስጫት!» አሏት ልጅቷን፣ «ቁልፍ ስጫትና ትውጣልኝ!»

ክፍሉ መስኮቱ ግድግዳ ነው የሚያየው፤ አልጋው መሐሉ ጎድጉዷል። አልሐምዱሊላህ ብዬ ተኛሁ፤ እንቅልፍ ግን በቁጣ አይመጣም።

በቀጣዮቹ ቀናት እግሬ እስኪቀጥን ሄድኩ። አዲሱን ሰፊ የእግረኛ መንገድ አየሁ፣ ውኃ የሚረጩ ፏፏቴዎችን አየሁ፣ አንገቴ እስኪያመኝ ፎቅ አየሁ። ከተማዋ አምራለች፤ አልዋሽም። አንድ ሻይ ቤት ጥጉን ይዤ ስቀመጥ ግን አስተናጋጁ መጣና «ሰው እየጠበቁ ነው?» አለኝ። «አይ።» «እ... ብቻዎትን ነዎት?» ያ ረቢ! ይኼን ሁሉ ፎቅ ሲሠሩ ለአንድ ሴት የምትሆን አንዲት ወንበር አላሰቡም።

የምመለስበት ጠዋት ለልጅቷ የምነግራትን አዘጋጅቼ ወረድኩ። ቀናቱን ሙሉ ሳጣፍጠው የከረምኩት ንግግር ነው፤ አንቺ ራስሽ ሴት ሆነሽ የሚለው ሁሉ ነበረበት። አፌን ሳልከፍት ቀደመችኝ።

«እናቴ፣ ያን ቀን ስላስቸገርኩዎት ይቅር ይበሉኝ። እኔም እኮ ከደብረ ብርሃን እንደመጣሁ ቤት የሚያከራየኝ አጥቼ ነበር። ላጤ ሴት አናስገባም ይሉኛል።»

«አሁንስ የት ነው የምትኖሪው?»

ከጠረጴዛው ጀርባ ያለችውን ጠባብ በር በአገጯ አሳየችኝ። «እዚሁ። ሠራተኛ ስለሆንኩ ፈቀዱልኝ።»

«ታዲያ እያወቅሽው እኔን ለምን ከለከልሽኝ?»

ፈገግ ያለች መሰለኝ፤ ፈገግታ ግን አልነበረም።

«እርስዎን ካላባረርኩ እኔን ያባርሩኛላ።»

ቁልፉን ሰጠኋት። ቁጣዬን ግን መልሼ ይዤው ወጣሁ፤ ለእሷ የሚሰጥ አልነበረም።