እጃቸውን ሳያስገቡ የማይፈርሙት ጋሼ ድገመው

የሰው ልጅ በሁለት ይከፈላል፤ አዝዞ የሚሄድ እና አዝዞ ቆሞ የሚያይ። ሁለተኛው ዓይነት ከየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይጠፋም፤ ለእኛ የደረሰን ግን የሁሉም አለቃ ነው። ክቡርነታቸው ጋሼ ድገመው ይባላሉ። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን፤ ዕድሜ ልካቸውን "እስቲ ድገመው" ሲሉን ስለኖሩ።

በር ከቆለፉ በኋላ ሦስት ጊዜ ይገፉታል። ለባለቤታቸው መልእክት ይልኩና ወዲያው ደውለው "ደረሰሽ?" ይላሉ። አንድ ቀን እትዬ በስልኩ ውስጥ "ሠላሳ ዓመት አብረን ኖረን፣ መጋባታችንንም እያጣራህ ነው እንዴ?" ሲሉ ቢሮው በሙሉ ሰማ። ጋሼ አልሳቁም።

የምንሠራው ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት የሚሆን ማሞቂያ ሳጥን ነው። ማሞቂያውን የሚያዘውን ፕሮግራም የምጽፈው እኔ ነኝ። ማሞቂያው በኮምፒውተሩ ሜሞሪ ውስጥ የራሱ አድራሻ አለው፤ እዚያ አንድ ብለህ ስትጽፍ ይበራል፣ ዜሮ ስትጽፍ ይጠፋል። ሳጥኑን ስሰካው በራሱ የበራውን ማሞቂያ ለማጥፋት ዜሮ ጻፍኩ። መልሼ አነበብኩ፤ ዜሮ ነው። በቃ፣ አለቀ! ሳጥኑ በማግስቱ ሆስፒታል ይገባል፤ የቀረው የጋሼ ፊርማ ብቻ ነው።

"አንተስ ጻፍክ፤ ማሞቂያው ሰማህ ወይ?" አሉኝ።

"መልሼ አነበብኩት እኮ ጋሼ! ዜሮ ነው የሚለው።"

"ማነው የሚለው?"

ደሜ ፈላ። ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ጋሼ ግን እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ሳጥኑ ውስጥ ከተቱ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ።

"ና፣ ንካው።"

ነካሁት። ፍራሹ እየጋለ ነው። ስክሪኑ አሁንም ዜሮ ይላል።

ለካ ኮምፒውተሩ ለፍጥነት ብሎ ዜሮዬን አጠገቡ ባለ ጊዜያዊ ማስታወሻ ይዞት ኖሯል፤ ለማሞቂያው አላደረሰውም። መልሼ ሳነብም ያንኑ ማስታወሻ ነው ያሳየኝ። "ይህ አድራሻ የማሞቂያው ነው፣ ተራ ሜሞሪ አይደለም" የሚለውን አንድ መስመር ረስቼ፣ የራሴን ጽሑፍ እያነበብኩ ልቤን ሞልቼ ተቀምጫለሁ።

ስድብ ጠበቅሁ። ጋሼ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረው "ነገ አይደርስም። ያዘገየሁት እኔ ነኝ" አሉ። የሰውዬውን ቁጣ ቆመው ጠጡት። በሩ ሲዘጋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እኔና አንተ ሲያቃጥለን እንጮኻለን፤ እዚህ የሚተኛው ግን ገና የማልቀሻ አቅም የለውም" አሉኝ።

መስመሯን ጨመርኩ። ዜሮ ጻፍኩ፤ መልሼ አነበብኩ፤ ዜሮ። ጋሼ ክንዳቸውን መልሰው ከተቱ። ስንት ዓመት የሳቅሁባቸው ሰውዬ! እንዴት እንደወደድኳቸው። ከወንበሬ ተነሳሁ፤ እጅጌዬን ሰብስቤ በሌላው በኩል እኔም ክንዴን አስገባሁ። ፍራሹ እስኪበርድ ድረስ ሁለታችንም እንደዚያው ቆምን።