ለዊልማ የተጻፈ ሦስት ገጽ

(ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። ውጭ እንደ ልማዱ ዝናብ ይጥላል። ጡረታ የወጡት ሁለት ግንድ ቆራጮች፣ ኦርቪልና ደልበርት፣ በከተማዋ አንድ ለእናቱ በሆነው ሲኒማ ቤት መግቢያ፣ ደም መጣጭ ልጅ ከአንዲት ተማሪ ጋር የሚፋቀርበትን ፊልም ለማየት ተሰልፈዋል። ከፊትም ከኋላም ኮረዶች ይንጫጫሉ። ራቅ ብሎ፣ ትኬት መሸጫው መስኮት ውስጥ፣ ባሏ ከሞተ ዓመታት ያለፉት ዊልማ ተቀምጣለች።)

ኦርቪል፦ ፊልሙ ላይ ያለው ዛፍ ጥድ ነው አልኩህ!

ደልበርት፦ ልጁ እኮ ዝግባ ነው አላት።

ኦርቪል፦ ልጁ ምን ያውቃል? ደም መጣጭ ነው እንጂ ግንድ ቆራጭ አይደለም!

ደልበርት፦ መቶ ዓመት ኖሯል። በመቶ ዓመት አንድ ዛፍ መለየት ያቅተዋል?

ኦርቪል፦ መቶ ዓመት ሙሉ አስራ አንደኛ ክፍል የተጎለተ ምን ይለያል?

ደልበርት፦ በዚህስ አልፈርድበትም። እኔም ሁለቴ ደግሜያለሁ።

ኦርቪል፦ ደግሞ ልጅቷን አዝሎ ዛፉ ጫፍ ላይ ጉብ አለ! ገመድ የለ፣ ጥፍር ያለው ጫማ የለ! አርባ ዓመት ዛፍ ላይ ስወጣ አንዲት ሴት አዝዬ አላውቅም።

ደልበርት፦ እዘለኝ ያለችህ ነበረች?

ኦርቪል፦ (እንዳልሰማ ሆኖ) ይሄ ፊልም በሙያችን ላይ የተቃጣ ስድብ ነው!

ደልበርት፦ ታዲያ ለአራተኛ ጊዜ ምን አመጣህ?

ኦርቪል፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ቀስ በል! ለዊልማ ነዋ። እራት ልጋብዛት ስል ምላሴ ይተሳሰራል። አርባ ዓመት ሙሉ ለሰው የተናገርኩት «ዞር በል፣ ሊወድቅ ነው!» የሚለውን ብቻ ነው።

ደልበርት፦ እሱን ካልካትማ አትመጣም።

ኦርቪል፦ ለዚህ ነው የጻፍኩላት። (ከካፖርቱ ኪስ የታጠፈ ወረቀት ያወጣል) ሦስት ገጽ!

ደልበርት፦ የፍቅር ደብዳቤ! አንተም ጻፍክ?

ኦርቪል፦ ከሱ የሚበልጥ ነው። የፊልሙ ስህተቶች ዝርዝር። አርባ ሦስት ናቸው።

ደልበርት፦ (ግራ ገብቶት) ሴት ይሄን ትወዳለች?

ኦርቪል፦ ሴት የሚያውቅ ወንድ ትወዳለች። አንተ ምኑን ታውቀዋለህ! ባለፈው ቅዳሜ አስራ ሁለቱን በቃሌ ስነግራት አፏን ከፍታ ነው ያዳመጠችኝ።

ደልበርት፦ በእጇ ሸፈን አድርጋው?

ኦርቪል፦ አዎ፣ ተገርማ።

ደልበርት፦ እኔም ስብከቱ ሲረዝም እንደዚያ እገረማለሁ።

ኦርቪል፦ ሂድና ስጣት ባክህ! አጥብቀህ ያዘው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል።

ደልበርት፦ ወረቀቱ ይኸው። ሞኙስ የታለ?

ኦርቪል፦ ሂድ አልኩህ!

(ደልበርት ይሄዳል። ኮረዶቹ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የልጁን ፎቶ እያዩ ይጮኻሉ። ኦርቪል ጆሮውን ይይዛል። ደልበርት ይመለሳል።)

ኦርቪል፦ ሰጠሃት?

ደልበርት፦ ውይ! ረሳሁት።

ኦርቪል፦ እና ይሄን ሁሉ ጊዜ ምን ስትሠራ ነበር?

ደልበርት፦ «ዛሬስ መሐረብ ይዘሃል?» አለችኝ። ባለፈው ሳለቅስ አይታኝ ነው።

ኦርቪል፦ አለቀስክ? በዚህ ፊልም?

ደልበርት፦ ልጁ እኮ ርቦታል። ልጅቷ አጠገቡ ናት። እሱ ግን ፀጉሯን ብቻ ይዳብሳታል። እኔ ፈንዲሻ አጠገቤ ተቀምጦ እንኳ አልችልም! ይሄንኑ ነገርኳት።

ኦርቪል፦ አዋረድከኝ! ጓደኛዬ መሆንህን ታውቃለች እኮ!

ደልበርት፦ የሷም ዓይን እንባ አቀረረ።

ኦርቪል፦ ሳቋን ስትይዝ ነው፣ የኔ የዋህ! ተመለስና ወረቀቱን ስጣት። ስለ እራቱም ንገርልኝ።

(ደልበርት እንደገና ይሄዳል። አሁን በጣም ይቆያል። ኦርቪል ኮፍያውን አውልቆ የቀሩትን ጥቂት ፀጉሮች በምራቁ ያስተኛል። አንዲት ኮረዳ ትስቅበታለች። ደልበርት ይመለሳል።)

ኦርቪል፦ አነበበችው?

ደልበርት፦ ከላይ እስከ ታች። ቁጥር አስራ ሰባት ላይ ስትደርስ መነጽሯን አወለቀች።

ኦርቪል፦ ጥፍር ያለው ጫማ! አውቄዋለሁ! ከዚያስ?

ደልበርት፦ «ሦስት ገጽ ሙሉ ስለ ዛፍ፤ ስለ እኔ ግን አንድ መስመር የለበትም» አለች።

ኦርቪል፦ አንድም የለም እንዴ?

ደልበርት፦ ጀርባውንም ገልብጣ አየች።

ኦርቪል፦ እራቱንስ ነገርካት?

ደልበርት፦ ልነግራት ስል ቀደመችኝ። ለካ የፊልሙን መጀመሪያ አስራ ዘጠኝ ጊዜ አይታ፣ መጨረሻውን አንድ ቀን አላየችም! በዚያ ሰዓት ለሚቀጥለው ትርኢት ትኬት ትሸጣለች። ኮረዶቹ ሲያለቅሱ በግድግዳው በኩል ይሰማታል፤ እሷ ብቻዋን ትቀመጣለች። «አብሮኝ የሚያለቅስ ሰው ባገኝና አንድ ቀን እስከ መጨረሻው ባየው» አለች።

ኦርቪል፦ አንተስ ምን አልካት?

ደልበርት፦ መሐረብ ይዣለሁ አልኳት።

ኦርቪል፦ አንተ ከሃዲ! እወዳታለሁ እኮ!

ደልበርት፦ ታዲያ ይቺን ቁጥር አርባ አራት አድርገህ ብትጽፋት ምን ነበረበት?

(ኦርቪል እርሳስ ፍለጋ ኪሶቹን ይበረብራል።)

ደልበርት፦ አንድ ችግር ብቻ ነው ያለው። እሷ ከገባች መስኮቱ ላይ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል። ፊልሙን የማይወድ፣ መጨረሻው ቢያመልጠው የማይቆጨው፣ ደግሞም ሁሉን የሚያውቅ ሰው።

ኦርቪል፦ ደልበርት! እንዳትለው!

ደልበርት፦ የትኬት ክፍሉን ቁልፍ ልካልሃለች። (ያቀብለዋል) «ኦርቪል እንቢ አይለኝም» ብላለች።

(ኦርቪል ቁልፉን ያያል። ቀና ሲል ዊልማ ከትኬት ክፍሉ ወጥታ፣ ካፖርቷን ደርባ፣ ፈገግ ብላ እጇን ታውለበልብለታለች። እሱም ሳያስበው ያውለበልባል። እግሩን እየጎተተ ሄዶ መስኮቱ ውስጥ ይቀመጣል። ሰልፉ ይንቀሳቀሳል፤ የደልበርት ተራ ይደርሳል።)

ኦርቪል፦ (ቀና ሳይል) ስንት?

ደልበርት፦ ሁለት። ጎን ለጎን ይሁንልን።