ልጄ ዘፈነች፣ እኔ ተጠራሁ

ልጅ ስትመረቅ ጎበዟ እሷ ናት። ሥራ ስትይዝም ጎበዟ እሷው ናት። አፏን ከፍታ የማይወደድ ነገር የተናገረች ቀን ግን አገሩ ሁሉ አባቷን ይፈልጋል። ስንት ዓመት በቆሎዬን ስኮተኩት እኔን ማን ፈልጎኝ ያውቃል? ባለፈው ሰኔ ግን ጭቃ እየረገጡ ማሳዬ ድረስ መጡልኝ።

የመጡት ኦቦ ቶሎሳ ናቸው፤ ኑኑ ቁምባ አጠገብ ያለችው የቤተ ክርስቲያናችን የሽማግሌዎች ሰብሳቢ። እኔም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነኝ፤ ብዙ ስለማልናገር አስተዋይ የሆንኩ መስሏቸው ነው የመረጡኝ። ኦቦ ቶሎሳ ሰላምታውን አሳጥረው፣ ኢንተላ ኬ፣ ልጅህ ሌንሳ፣ ዘፈን አወጣች አሉኝ። ምን ብላ ብላቸው፣ እንዲህ ያለ ነገር ሜዳ ላይ አይደገምም አሉ። ከበቆሎው በቀር ሰሚ አልነበረም። ቅዳሜ ጉባኤው ፊት ቀርበህ ትመልሳለህ ብለውኝ ሄዱ።

ያልሰማሁትን ምን ብዬ እመልሳለሁ? በማግስቱ ነቀምት ወረድኩ። ሌንሳ ባኬ ጃማ ሰፈር ቤት ተከራይታ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ጊታር ያስተማሯት የእኛው መዘምራን ናቸው፤ ይህን ጉዳይ ጉባኤው ላይ ያነሳ ሰው የለም። የዘፈንሽው ምንድነው ብላት፣ ሮክ ነው፣ ኦልተርኔቲቭ ሮክ አለችኝ። ከመደበኛው ሮክ ወጣ ያለ ማለት ነው አሉ። እኔ መደበኛውንም አላውቅ።

ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሰካችልኝ። መጀመሪያ ጠጠር የገባበት ወፍጮ መጣ፤ ቀጥሎ ቆርቆሮ ላይ በረዶ ወረደ። ከዚያ መሃል የልጄ ድምፅ ወጣ። «ለእግዚአብሔር ጢም የሰጠው ማነው? ጢም ያለው ሰው ነው» ትላለች። «መድረኩን የምጠርገው እኔ፣ የምትቆምበት አንተ፤ ማን አካፈለን?» ትላለች። ሌንሳ እጇን አጣምራ ፊቴን ታያለች። በልጅነቷ ቁጣዬን ስትጠብቅ እንዲህ ነበር የምትቆመው። እውነቱን ልናገር፣ ልቆጣ ፈልጌ ነበር። ለመቆጣት ግን ውሸቱን ማግኘት አለብኝ፤ ሁለት ጊዜ ሰምቼ አጣሁት። ማዳመጫውን መልሼላት፣ «ጮክ ይላል» አልኳት። ሌላስ ብትለኝ፣ ሌላ የለም ብዬ የመጨረሻውን መኪና ያዝኩ።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፤ እኔ ያን ቀን ከጠያቂዎቹ ወንበር ወደ ተጠያቂው ተዛውሬ ነበር። ኦቦ ቶሎሳ ጉዳዩን አቀለሉልኝ። «ልጄ ተሳስታለች» ካልኩ እሁድ ይነገርና ነገሩ ያበቃል። ካላልኩ ስሟ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ብታገባ እዚህ አትባረክም፣ ብትሞትም የሚቀብራት የለም። ሁለት ቃል ነው የተጠየቅሁት። ለእኔ ቢጤ ዝምተኛ እንኳ አይበዛም።

ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ ያለችውን ራሷን ጠርታችሁ ጠይቋት አልኳቸው። ደነገጡ። ሴት ልጅ በዚህ ክፍል ገብታ አታውቅም አሉኝ። ይህን ሲሉ በሩ ተከፈተና ሚስቴ ገለቴ ሻይና ዳቦ ይዛ ገባች፤ ሻይ የማፍላት ተራዋ ነበር። ዘጠኙን ብርጭቆ አስቀመጠች። በተከሳሿ እናት ፊት ስለ ተከሳሿ ክርክሩ ቀጠለ፤ አንድም ቃል የጠየቃት የለም። ስኳር ይነሰኝ ያላት ግን አለ። ትሪዋን ይዛ ወጣች።

«ዘፈኑ ውስጥ ውሸት ካለ አሳዩኝ» አልኩ።

አንዱ ሽማግሌ፣ ሦስተኛው ስንኝ ትንሽ ይከብዳል እንጂ ዜማው እንኳ፣ ብሎ ጀመረና የኦቦ ቶሎሳን ዓይን አይቶ ሻዩ ውስጥ ተደበቀ። ስንት ጊዜ ሰምቶት ይሆን?

ኦቦ ቶሎሳ በመጨረሻ ለስለስ አሉ። «ነገሩ ውሸት ነው ማንም አላለም፣ ኦቦ ገመዳ። ሴት ናት የተናገረችው፤ ችግሩ እሱ ነው።»

«እንግዲያው ወንድ ተናገረው» አልኩ። «እሷ ያለችውን እኔም ብያለሁ ብላችሁ ጻፉ። የሚሰረዝ ስም ካለ የእኔን ሰርዙ።»

በሕይወቴ ይህን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ተናግሬ አላውቅም። አስወጡኝና መከሩ። ሲመልሱኝ የሌንሳን ስም ትተውታል፤ በአንድ ዘፈን ሁለት ሰው አይቀጣም ነው የሚሉት። ቅጣቱን ለእኔ አሸከሙኝ። ስድስት ወር ሽማግሌ አይደለሁም፣ ጉባኤ ላይ አልናገርም፣ ድምፅ አልሰጥም፣ ጮክ ብዬ አልጸልይም። መጥቼ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ፣ እሄዳለሁ። ኦቦ ቶሎሳ ይህን ሲያነቡ ድምፃቸው ተሰበረ፤ ወንድን ያህል ነገር እንዲህ ማዋረድ ከብዷቸው ነው።

ቤት ስገባ ገለቴ ባቄላ እየለቀመች ነበር። ምን ፈረዱብህ አለችኝ። አንድ በአንድ ነገርኳት፤ አለመናገሩን፣ ድምፅ አለመስጠቱን፣ ቁጭ ብሎ መስማቱን። ከልጅነቷ ጀምሮ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ቁጭ ብላ ስትሰማ ኖራለች፤ ታዝንልኝ ይሆናል ብዬ ፊቷን አየሁ። እጇ ከባቄላው አልተነሳም።

«ስድስት ወር ብቻ?» አለችኝ።