የመንገዳችን አራሶች

ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እኔ ጸሐፊ አይደለሁም። አዘዞ፣ አዲሶቹ ቤቶች ከሚጀምሩበት መታጠፊያ ላይ ጎማ እለጥፋለሁ። ከዚህ በፊት የጻፍኩት ነገር ቢኖር ሱቄ በር ላይ ያለው «ጎሚስታ አለ» የሚለው ታፔላ ብቻ ነው፤ እሱንም አጥፍቼ አጥፍቼ ነው። ሰው ፊት መናገርማ ጨርሶ አይሆንልኝም፤ ለደንበኛ እንኳ የምመልሰው ጎማውን እያየሁ እንጂ ፊቱን እያየሁ አይደለም። እንግዲህ ስሕተት ብታገኙ እለፉኝ። የእትዬ የትነበርሽን ነገር ሳልጽፍ ብቀር ግን ሆዴ ውስጥ ሲብላላ ሊኖር ነው።

በየሰፈሩ ማንም ሳይሾማት የምታዝ ሴት አለች። እኛ ሰፈር የለችም ትሉ ይሆናል። አለች፤ ፈርታችኋት ነው። ሚኒስትር ይሻራል፣ የእድር ሊቀመንበር ይለወጣል፣ እሷ ግን ከመንበሯ ንቅንቅ የለም። የእኛዋ፣ ክብርት እትዬ የትነበርሽ፣ ቁመታቸው ከጭነት ማኪና ጎማ ብዙም አይበልጥም። ድምፃቸው ግን አዘዞ ላይ ሲነሳ ስንት አገር አቋርጦ ኮሶዬ ላይ የሚግጥ በሬ ቀና ይላል። ባላቸው ሲሞቱ ሐኪም ቤት የምትሠራው ልጃቸው ቃልኪዳን ከአምባ ጊዮርጊስ አመጣቻቸው፤ አርፈው እንዲቀመጡ። እንግዲህ አስቡት፣ እሳቸው አርፈው!

እኛ ሰፈር ሐምሌ ላይ ችግኝ ይመጣል። ሰው ሁሉ ወጥቶ በመንገዱ ግራና ቀኝ ይተክላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ እጁን ይታጠባል፣ ይሄዳል። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ያቆማል፤ ችግኙ ይደርቃል። በሚቀጥለው ሐምሌ ያው ጉድጓድ እንደገና ይቆፈራል። ጉድጓዶቹን ከጎረቤቶቻችን ይልቅ እናውቃቸው ነበር። እንዲህ ሆነን በሰላም እንኖር ነበር።

አምና ጥቅምት እትዬ የትነበርሽ ከሱቄ ፊት ቆሙና አንዷን የወይራ ችግኝ አተኩረው አዩዋት።

«ይችን አራስ ማን ነው የሚጠይቃት?» አሉኝ።

ዙሪያዬን አየሁ። አራስ የለም።

«ይችው ናታ! ከአፈሯ ተነቅላ ሰው አገር የተቀመጠች፣ አቅም የላት፣ ጥላ የላት። ምነው፣ አራስ ብቻዋን ይተዋል እንዴ?»

ጎማ የምፈትሽበትን ውኃ አነሳሁና አፈሰስኩላት።

«ሸጋ» አሉ። በቃ፣ ተቀጠርኩ።

ከዚያን ቀን ወዲህ በመንገዳችን ባዶ እጅ ማለፍ ተከለከለ። ድንች ያጠበ እጣቢውን፣ ፊቱን የታጠበ ትራፊውን ይዞ ይወጣል። ያልያዘ እንደሆነ ከበራቸው ላይ ያ ድምፅ ይመጣል፦ «ምነው ባዶ እጅህን? አራስ ቤት እኮ ነው!» አንዱ ደፋር፣ ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው ብሎ ሊያመልጥ ሞከረ። «እናትህ አንተን ስትወልድ ገንፎው በፈረቃ ነበር?» አሉት። ተመልሶ ሄዶ ባልዲ ይዞ መጣ።

ዶክተር ሀብተሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ የተከበሩ ሰው ናቸው፤ የማኪናቸውን መስኮት ዘግተው ነው የሚያልፉት። አንድ ጧት እትዬ የትነበርሽ ማኪናው ፊት ተገተሩ። ጥሩምባ ተነፋ። እሳቸው ወይ ፍንክች።

«አያ ዶክተር፣ ምነው ባዶ እጅዎን?»

«ስብሰባ አለብኝ፣ እናቴ!»

«ስብሰባው የት ይሄዳል። ያቺ ወንበሩ ላይ የተጋደመችው ምንድን ናት?»

ዶክተር የሚጠጧት የታሸገች ውኃ ነበረች። ከረባታቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው ወርደው ማፍሰስ ጀመሩ።

«ቀስ ብለው እንጂ!» አሏቸው። «ትን እንዳይላት።»

ጥር ላይ የሙሽራ አጀብ ሳይቀር አስቁመዋል። ሙሽራዋ ቬሎዋን ሰብስባ ወርዳ አጠጣች፤ እሳቸውም በዓመትሽ አራስ ያድርግሽ ብለው መረቋት። ከሠርጉ ቪዲዮ የሚያምረው ይኸው ነው አሉ።

የአያ ሙሉሰው ፍየል አንድ ቀንበጥ የቀነጠበች ዕለትማ እዚያው መንገድ ላይ ችሎት ተቀመጠ። ፍየሏ እስከ ክረምት ድረስ የቁም እስር ተፈረደባት። አያ ሙሉሰው «ይግባኝ!» አሉ። «ለማን?» አሏቸው እትዬ። አያ ሙሉሰው አሰቡ፣ አሰቡና ፍየላቸውን ጎትተው ሄዱ።

ለእኔም አልራሩልኝ። አራስ መጋረጃ ያሻታል ብለው ያረጁ ጎማዎቼን በየችግኙ ዙሪያ አስደረደሩኝ። ታዲያ የካቲት ሲገባ፣ ከነዚሁ ጎማዎች አንዱ እትዬን ጠልፎ ጣላቸው። ወጌሻ እግራቸውን አሰረና እስኪፈታቸው ድረስ ከቤት እንዳይወጡ አዘዘ። እሳቸውን ያዘዘ ሰው ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ሰፈሩ ተነፈሰ። ሰዉ ሁለት እጁን እያወዛወዘ ማለፍ ጀመረ። ዶክተር መስኮታቸውን ዘጉ። ፍየሏ ተፈታች። እኔ ደጄ ላይ ያለችውን ወይራና አጠገቧ ያሉትን አጠጣለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያሉትን ግን የእኔ ጄሪካን አይዘልቃቸውም። ቅጠላቸው ሲጠወልግ አያለሁ። አላፊውን ተጣራ ተጣራ ይለኛል ሆዴ። አፌን እከፍታለሁ፤ የሚወጣው «ጤና ይስጥልኝ» ብቻ ነው። «ጤና ይስጥልኝ» ብሎ መልሶልኝ ያልፋል። በዚሁ ከቀጠለ ሐምሌ ላይ ያንኑ ጉድጓድ ልንቆፍር ነው።

አንድ እሑድ ሰፈሩ ተሰብስቦ ሊጠይቃቸው ሄደ። ብርቱካን የያዘ፣ ዳቦ የያዘ፤ እሳቸው ቤትማ ባዶ እጁን የሚደፍር የለም። አልጋቸው ላይ ሆነው ሁሉንም አዩና ተቆጡ።

«ምነው፣ እኔ ወለድኩ እንዴ? አራሶቹን ለማን ትታችሁ ነው እዚህ የምትግተለተሉት?»

«ደህና ናቸው፣ እናቴ» አሉ ዶክተር፣ ከረባታቸውን እየነካኩ።

«ወዛቸው ሸጋ ነው» አሉ አያ ሙሉሰው። ፍየላቸው በዚያች ሰዓት የት እንዳለች እግዜር ይወቅ።

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። «ክንዱ፣ አንተ አፍ የለህም፤ አፍ የሌለው ደግሞ አይዋሽም። እንዴት ናቸው?»

እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ገባቸው።

ይጮኻሉ ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እኔ እኮ» አሉ፣ «አገሬ ላይ የማላውቀው ደጃፍ አልነበረም። እዚህ ስመጣ ሁሉም በሩን ዘግቶ ነው ያገኘሁት። የእናንተን ስም የያዝኩት በነሱ ነው። በችግኞቹ።»

ቃልኪዳን፣ ጨዋታ ለመለወጥ ብላ፣ ወጌሻው ዛሬ ማታ እንደሚፈታቸው ነገረችን።

«እንግዲያ ነገ እወጣለሁ» አሉ። «ሄጄ በዓይኔ አያቸዋለሁ።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። እኔ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እሳቸው ወጥተው የደረቀ እንጨት ሲያዩ ታየኝ።

በማግስቱ ጧት ሱቄን ሳልከፍት መንገዱ መሐል ቆምኩ። የዶክተር ማኪና መጣች። እጄን ዘረጋሁ። ጥሩምባ ተነፋ። «ጤና ይስጥልኝ» ሊወጣ ሲል ዋጥኩት።

«ዶክተር፣ ምነው ባዶ እጅዎን? አራስ ቤት እኮ ነው!»

ድምፄ እንደፈነዳ ጎማ ሰፈሩን አስደነገጠው፤ እኔንም ጭምር። ዶክተር ወርደው የማኪናቸውን ኋላ ከፈቱ። ለካ ጄሪካን ሞልተው ጭነው ኖሯል፤ ማን ይጀምር ብለው ነው። አንዱ በር ተከፈተ፣ ሌላው ተከፈተ፤ ባልዲው፣ ጆጉ፣ ድስቱ ወጣ። አያ ሙሉሰውም በአንድ እጃቸው ባልዲ፣ በሌላው ፍየላቸውን በገመድ ይዘው መጡ።

በዚህ መሐል እትዬ የትነበርሽ ዱላቸውን ተደግፈው እያነከሱ ብቅ አሉ። ከአንዱ ችግኝ ወደ አንዱ እየሄዱ የራሰውን አፈር አዩ። አፋቸውን ለነገር ሲያዘጋጁ እኔ እጃቸውን አየሁ። ከዱላው በቀር ምንም የለም።

«ምነው እትዬ» አልኩ፣ «ባዶ እጅዎን?»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ዞረው እያነከሱ ወደ ቤት ገቡ። አስቀየምኳቸው አልኩ በሆዴ።

ቆይተው በጣሳ ውኃ ይዘው ወጡ፤ ግማሹ መንገድ ላይ ፈሷል። ዱላቸውን ሰጡኝ። እኔም ያዝኩላቸው፤ ትከሻዬን ተደግፈው ወይራዋ ላይ አፈሰሱት፤ ቀስ ብለው፣ ትን እንዳይላት።