አርባ አንዱ ቀዳዳና ሦስተኛው ጨረታ

እኔ የምለው፣ የጨረታ ፖስታ ሲከፈት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ ብዙ ቀርቶባችኋል። ሙሽራ እንኳ እንዲያ ተሸፋፍና አትመጣም። ፖስታ ውስጥ ፖስታ፣ እሱ ውስጥ ደግሞ ሌላ ፖስታ። አንዱ ላይ «ኦርጂናል»፣ አንዱ ላይ «ኮፒ» ተብሎ ተጽፏል። ዙሪያውን በሰም ታሽጓል፤ ሰሙ ላይ ማኅተም፣ ማኅተሙ ላይ ፊርማ። እኔ በሕይወቴ የጻፍኩት ደብዳቤ ሁሉ ቢሰበሰብ የዚያን ሩብ ያህል አልተከበረም። የፍቅር ደብዳቤዎቼን ጨምሬ ነው የምናገረው። እነሱማ ሳይከፈቱ ነበር የሚመለሱልኝ።

ታዲያ እኔን ከጨረታ ጋር ምን አገናኘኝ? ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር ነኝ። ግማሽ ዕድሜዬን ሞጣ፣ ግማሹን ቢቸና የጠመኔ አቧራ ስቅም ኖርኩ። ያገናኘኝ ጣሪያዬ ነው።

የምኖረው ቢቸና፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ የመንግሥት ቤት ውስጥ ነው። አሥራ ሁለት ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው በአንድ ጣሪያ ሥር ቆመዋል። አንዱ ቤት ውስጥ ሰው ሲያስነጥስ ከአሥራ አንዱ ቤት «ይማርህ» ይባላል። የእኔ ዘጠነኛው ነው። ክረምት ሲገባ ከውጭ ይልቅ እኔ ቤት ይዘንባል። ውጭው ካባራ በኋላ እኔ ዘንድ ገና ግማሹ ነው። አንድ ሐምሌ አልጋዬ ተንሳፍፎ፣ በሩን በርግዶ ወጥቶ፣ ዓባይ ሊገባ ትንሽ ሲቀረው ነው የደረስኩበት።

አላመናችሁኝም አይደል? ማንም አያምነኝም። ማጋነን እወዳለሁ፤ ምን ላድርግ? ተማሪዎቼ ገና በልጅነታቸው ሕግ አውጥተውብኛል፤ የመምህር ወሬ ለአራት ይካፈላል። ማካፈል ያስተማርኳቸው ደግሞ እኔው ነኝ! አንድ ቀን ሞጣ ክፍል ውስጥ፣ መንገድ ላይ ዘጠኝ ጅብ ገጥሞኝ በዱላ በተንኳቸው ብዬ ስተርክ፣ ታደለ የሚባል ተማሪ ከኋላ ወንበር ተነሣና «ሁለት ጅብ፣ ቀሪ አንድ» አለ። ቀሪው ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁት። «ውሻ ይሆናል» አለኝ። ሙሉ ማርክ ሰጠሁት።

ወደ ጣሪያው ልመለስ። የቤቶቹ መሥሪያ ቤት እድሳቱን ጨረታ አወጣ። ማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፣ ሳጥኑ ተቆለፈ፣ ቀኑ ደረሰ፣ ሳጥኑ ተከፈተ። ውስጡ ሸረሪት ብቻ ተገኘ። ሥራ ተቋራጭ ሁሉ አዲስ ፎቅ ነው የሚያምረው፤ የተጣመመ ማገር ማቃናት ማን ይወዳል? ሁለተኛ ወጣ። አንድ ተጫራች መጣና የግብር ክሊራንሱን ረስቶ ተገኘ። ወደቀ።

መሥሪያ ቤቱን የምትመራው ኢንጂነር ሙና የደሴ ልጅ ናት። ተመድባ ከመጣች ገና ዓመቷ ነው። ሄጄ ሦስተኛውስ መቼ ነው አልኳት።

«ጋሼ፣ ነገ ይለጠፋል። ግን የመጨረሻ ነው» አለችኝ። «አሁንም ተጫራች ከጠፋ ሌላ ለማውጣት ጊዜ የለም፤ በሰኔ በጀቱ ተመላሽ ይሆናል። ቤቶቹም ለመኖሪያ አይሆኑም ተብለው ይፈርሳሉ።»

እኛስ? ብዬ ጠየቅሁ። እሷም ወረቀቷን ማገላበጥ ጀመረች። አሥራ ሁለት ቤተሰብ ነን። ሦስተኛው ቤት ያሉት እማማ አሰገደች ባላቸውን የቀበሩት፣ ልጆቻቸውን የዳሩት ከዚያ ቤት ነው። የዘመመውን ግድግዳ በሙቀጫ ደግፈው ነው የሚኖሩት። በርበሬ መውቀጥ ካቆሙ ስንት ጊዜያቸው!

እንግዲያው ተቋራጮቹን ጥሪያቸዋ አልኳት። ደነገጠች። እሷ ብትጠራ ከእገሌ ጋር ተመሳጠረች ትባላለች። የእሷ ሥራ ማስታወቂያ ለጥፎ መጠበቅ ነው። እኔንስ ማን ይከለክለኛል? አልኳት። አሰብ አደረገችና፣ ማስታወቂያ መውጣቱንማ ማንም መናገር ይችላል አለች። በሩ ላይ ስደርስ ጠራችኝ።

«ጋሼ፣ እንዳያጋንኑ አደራ!»

አያችሁ? በአንድ ዓመት! ደሴ ድረስ ተሰምቷል ማለት ነው። አንዲት ቃል ላልጨምር ማልኩላት።

በማግሥቱ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ ሞጣ አቀናሁ። ሳያጋንኑ መጓዝ እንዴት እንደሚከብድ የሞከረው ያውቀዋል። ጉንደ ወይን ላይ የተሳፈረች ሴትዮ ዶሮዬ በቀን ሁለት እንቁላል ትጥላለች ስትል፣ ስድስት የምትጥል አውቃለሁ ልል ምላሴ ተነሥታ ነበር። ነክሼ መለስኳት። ለካ እውነት ለመናገር ጤነኛ ጥርስ ያስፈልጋል።

ያ የጅቡ ታደለ ዛሬ ሞጣ ውስጥ ሥራ ተቋራጭ ሆኗል። ብሎኬት ማምረቻው ግቢ ስገባ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ። ቦርጩ ግን ጎንበስ ለማለት አላመቸውም። ቢቸና ጨረታ ወጥቷል አልኩት። ቤቶቹ እንዴት ናቸው አለኝ። እንደ ማልኩት ሐቁን ነገርኩት። ቆርቆሮው አርባ አንድ ቀዳዳ አለው፤ መሰላል ላይ ወጥቼ ቆጥሬዋለሁ። የሦስተኛው ቤት ግድግዳ አንድ ስንዝር ዘሟል። ማገሩን ምስጥ በልቶታል።

ታደለ ዓይኑን ወደ ሰማይ ሰቀለና ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ጀመረ። የሚጸልይ መስሎኝ ነበር።

«አሥር ቀዳዳ፣ ቀሪ አንድ!» አለ።

«ታደለ፣ የዛሬው እውነት ነው!»

«ይምላሉ፣ መምህር?»

«እምላለሁ!»

«ኧረ ሲምሉማ ለአምስት ነው። ስምንት ቀዳዳ፣ ቀሪ አንድ!»

በማልኩ ቁጥር ቀዳዳው እየተደፈነ ሄደ። ሁለት ጊዜ ብጨምር ኖሮ ጣሪያው አዲስ ይሆን ነበር። እባክህ መጥተህ በዓይንህ እይ ብዬ ለመንኩት። እሺ፣ ሰነዱም ቦታውን እዩ ስለሚል ፎርማኔን እልካለሁ አለኝ።

ቢቸና ተመልሼ ለይበልጣል ነገርኩት። ይበልጣል የእኛው ከተማ ተቋራጭ፣ እሱም ተማሪዬ የነበረ ነው። ከታደለ ጋር በተገናኙበት ጨረታ ሁሉ እንደ ሁለት አውራ ዶሮ ናቸው። ታደለ ይመጣል ብዬ ይህንንም በእውነት ነገርኩት። እሱም ሳቀ።

«መምህር ይመጣል ካሉ፣ ሊመጣ አስቧል ማለት ነው። ሩብ ታደለ ደግሞ ፖስታ አያስገባም!»

ብቻውን መሆኑን እርግጠኛ ሆኖ፣ እንኪያስ እኔም እገባለሁ፣ ግን በገዛ ዋጋዬ ነው ብሎኝ ሄደ።

የታደለ ፎርማን ቦታውን ሊያይ በመጣ ጊዜ የተሠራውን ስሕተት ግን እኛው ሠራነው። አልክድም። ከሞጣ እንግዳ ይመጣል ሲባል፣ አሥራ ሁለቱም ቤት ሌሊቱን ሳይሆን ሳምንቱን ሙሉ የፊት ለፊቱን ግድግዳ ኖራ ሲቀባ ሰነበተ። እንግዳ ፊት ገመና ማን ያወጣል? እማማ አሰገደች የዘመመው ግድግዳ ላይ የልጃቸውን የሠርግ መጋረጃ ሰቀሉበት። ከዚያ ዶሮ ሠርተው ጠበቁት። ሰውዬው ገባ፣ ተቀመጠ፣ በላ። እኔ ቀና በል እንጂ፣ ጣሪያውን እየው እለዋለሁ፤ እሱ ደግሞ ኧረ ጠግቤያለሁ ይለኛል። ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሣ ቦታውን አይቻለሁ ብሎ ፈረመ። ካየውስ አይቷል፤ የዶሮዋን።

የጨረታው መክፈቻ ዕለት ጠዋት አሥራ ሁለቱም ቤት ተቆልፎ፣ ሰው ሁሉ መሥሪያ ቤቱ መስኮት ላይ ተንጠልጥሏል። ሳጥኑ አራት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ይበልጣል ፖስታውን አስገብቶ፣ እግሩን አጣምሮ፣ በግቢው ጌታ አኳኋን ተቀምጧል። ለአራት አምስት ደቂቃ ሲቀረው በሩ ተከፈተና ታደለ ከነአቧራው ገባ። ሩቡ አይደለም፤ ከነቦርጩ ሙሉ ታደለ! የይበልጣል እግር በራሱ ጊዜ ተፈታ።

ኢንጂነር ሙና ሰሙን ሰበረች። በመጀመሪያ የይበልጣልን ዋጋ አነበበች። ከበጀቱ እጅግ ይበልጥ ነበር። እማማ አሰገደች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ከዚያ የታደለን ከፈተች። በአኃዝ አነበበችው፣ ቆም አለች፣ በፊደል የተጻፈውን ደግማ አነበበችው። ልክ ነው። በጀቱ ይችለዋል!

እማማ እልል አሉ።

«እማማ፣ ገና ግምገማ አለ እኮ!» አለች ሙና።

ለግምገማውም እልል አሉለት።

ግምገማው አለፈ፣ የቅሬታው ቀን አለፈ፣ ውል ታሰረ። ታደለ ሥራውን ሊጀምር መጣና መሰላሉን ወጣ። እኛ ከታች ሆነን ሲቆጥር እንሰማለን። አሥር አለ። ሃያ አለ። ድምፁ እየቀጠነ ሄደ። አርባ... አርባ አንድ። ከዚያ ጣሪያው ላይ ቁጭ አለ።

«መምህር!»

«አቤት!»

«እውነትዎን ነበር እኮ!»

ኪሱን የተበረበረ ሰው እንደዚያ አይጮህም። ምዬልህ አልነበረ? አልኩት። እሱ ነው እኮ ጉድ የሠራኝ፤ ዋጋ የሞላሁት ለስምንት ቀዳዳ ነው አለኝ።

እንግዲህ ውሉን ትቶ ቢሄድ ማን ይይዘዋል? ያስያዘውን ዋስትና ይነጠቃል፤ እኛም ሌላ ተጫራች የለንም። ሰኔ ደግሞ እየመጣ ነው። ያኔ ይበልጣል በወፍጮ ቤቱ በር ብቅ አለ። ለመሳቅ ነበር የመጣው።

«ታደለ! ሩቡን አንተ ሥራና ውረድ፤ የቀረውን ለሚችል ተው!»

ይበልጣልን እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጠው። ታደለ ኮቱን አውልቆ ከጣሪያ ላይ ወረወረው። «ቆርቆሮ አቅርቡ!» አለ። ድምፁ እስከ ሞጣ ተሰምቷል።

እኛም በኖራው አፍረን ነበርና ዝም ብለን አላየንም። ውል ውስጥ ባይኖርም ጭቃውን እኛ አቦካን፣ ጭዱን እኛ ከተከትን። ያ ዶሮ በል ፎርማን የበላውን በላቡ ከፈለ። እኔም በዚህ ዕድሜዬ በአንድ ቀን ሦስት መቶ ባልዲ ውኃ ተሸክሜያለሁ። አዎ፣ አካፍሉት፤ ሰባ አምስትም ቢሆን ብዙ ነው።

የመጀመሪያው የሰኔ ዝናብ የወረደ ቀን፣ ከልማድ የተነሣ ባልዲዬን፣ ሳፋዬንና ሦስቱን ጣሳ በየቦታቸው ደርድሬ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ላዬ ላይ ከበሮ ይመታል። ጠበቅሁ። ባልዲው አፉን ከፍቶ ያየኛል፤ እኔም አየዋለሁ። ምንም የለም! ወጥቼ ብሰማ ከሦስተኛው ቤት ዱም ዱም የሚል ድምፅ ይመጣል። እማማ አሰገደች ሙቀጫቸውን ከግድግዳው አላቅቀው በርበሬ እየወቀጡ ነው። ያን ዕለት ሰፈሩ ሁሉ በደስታ አስነጠሰ።

ለርክክቡ ሙና የነዋሪው ተወካይ ብላ ስንት ቦታ እንደሚያፈስ ጠየቀችኝ። ዜሮ አልኳት። ብዕሯን ይዛ ትንሽ አሰበች።

«ዜሮ ለአራት ሲካፈልም ዜሮ ነው» አለችና ፈረመች።

አሁን ከዚህ ሁሉ እውነት መናገር ይጠቅማል የሚል ትምህርት ትጠብቁ ይሆናል። እኔ እንዲያ አላየሁትም። በእኔ እውነት ያ ምስኪን ታደለ ከስሙ በቀር ሳያተርፍ ወጣ። እና ዘንድሮ ከእኛ ማዶ ያለው የቤቶች ተርታ ጨረታ ሲወጣ፣ ተጫራች ለመምጣቱ ስጋት የለም፤ ታደለም፣ ይበልጣልም፣ ሌሎችም መጥተው አስቀድመው እኔን ጠየቁኝ። ሄጄ ቆጠርኩ። ሠላሳ ቀዳዳ ነው። ሕሊናዬን ጠየቅሁና ለሁሉም እኩል ነገርኳቸው።

«መቶ ሃያ!»

ሁሉም ዓይናቸውን ወደ ሰማይ ሰቀሉ፣ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፣ ሄደው የሥራውን ልክ ዋጋ ጻፉ። ሙና እንዲህ ያለ ንጹሕ ጨረታ አይታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። እኔም ሐቀኝነት ትንሽ ሒሳብ ይፈልጋል አልኳት።

እናንተም ይህን ሁሉ ለአራት ብታካፍሉት አልቀየምም። አልጋዬን ከዓባይ መልሱት፣ ጅቦቹን ቀንሱ። ቤቶቹን ግን እንዳትነኩብኝ። አሥራ ሁለት ናቸው፤ ሦስት አይደሉም። ከአሥራ ሁለቱ አንዱም አያፈስም። እምላ... አይ፣ መማሉስ ይቅር።