የከርከሮ ቤት ማንኪያዎች

ተረት ልንገራችሁ፤ ላሞቻችሁን በረት አስገቡና ስሙኝ።

ድሮ የአንድ እንግሊዛዊ መስፍን በቅሎ ወንዝ ስትሻገር ደንብራ ሣጥን ጣለች። ሣጥኑን የፊታውራሪ ከርከሮ ቅድመ አያት ሥር ሲቆፍሩ አገኙት። ውስጡ ዐሥራ ሁለት የብር ማንኪያ ነበረበት፤ በእያንዳንዱ ጀርባ ላይ የምትራመድ ትንሽ አንበሳ ታትማለች። በሠሪዎቹ አገር ይህች ማኅተም «ብሩ ንጹሕ ነው» ማለት ብቻ ነበረች። የከርከሮ ቤት ግን «ከአንበሳ ጋር የሥጋ ዝምድና አለን» ብሎ ተረጎማት፤ በዚህም ትርጓሜ የጫካውን ምንጭ ያዘ። ከዚያ ወዲያ ውሃ የጠማው ሁሉ አስቀድሞ ለማንኪያዎቹ እጅ ይነሳል። በማንኪያዎቹ የበላ ግን የለም፤ ፊታውራሪም እንደ አባቶቻቸው አፈር ቆፍረው ነው የሚበሉት።

አንድ ቀን ንጉሥ አንበሳ «ዘመዶቼ ነን የሚሉትን ለማየት እመጣለሁ፤ ማኅተሜን ካላገኘሁ ምንጩን እወስዳለሁ» ብለው ላኩ።

ፊታውራሪ ማንኪያ ወልዋይዋን ጦጢትን ጠሩ። «እንደ ፀሐይ እስኪያብለጨልጩ ፍተጊያቸው!»

«ጌታዬ፣ ይብቃቸው። አንበሳዋ እየሳሳች ነው።»

«አንበሳ ደግሞ ይሳሳል እንዴ! ፍተጊ፤ አለዚያ ለነብር ነው የምሰጥሽ።»

ጦጢት በአመድና በሎሚ ፈተገች። ማኅተሟ ከዐሥራ ሁለቱም ላይ ጠፋች።

በቀጠሮው ቀን እንስሳት ሁሉ ምንጩ ዳር ተሰበሰቡ። ንጉሡ አንዷን ማንኪያ ገልብጠው ወደ ዐይናቸው አስጠጉ። የጦጢት ጅራት በፍርሃት ተጠቀለለ። ልሙጡ ብር ላይ የንጉሡ የራሳቸው ፊት ከነጎፈሩ ወለል ብሎ ታያቸው።

«እውነትም አንበሳ አለ» አሉ ንጉሡ። «እንዲያውም መልከ መልካም ነው። ግን ይራመዳል ብለውኝ አልነበር? ይሄ ቁጭ ብሏል።»

«ንጉሥ ሆይ፣ በእርስዎ ፊት ማን ደፍሮ ይራመዳል?» አሉ ፊታውራሪ።

ንጉሡ ደስ አላቸው። ምንጩ ለከርከሮ ቤት እስከ ልጅ ልጅ ጸና፤ እልልታው ቀለጠ።

አህያ ተንጠራርታ አንዷን ማንኪያ አነሣች፤ አይታም «ኧረ እዚህ ላይ ያለው አህያ ነው!» አለች።

«ዝም በይ፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ!» ብሎ ጅብ ማንኪያውን ነጠቃት። አየ። ቀና ብሎ ደግሞ የንጉሡን ዐይን አየ። «አንበሳ ነው» አለ፣ «ጎፈሩ ሳይቀር።»

ሁሉም ወደየቤቱ ሲሄድ ጦጢት ማንኪያዎቹን ወደ ሣጥኑ መለሰች። የመጨረሻዋን በእጇ ይዛ ትክ ብላ አየቻት።

«ሃያ ዓመት ስፈትግሽ» አለች፣ «በየቀኑ የማየው ጦጣ ነበር። ምነው አንድ ሰው እንኳ ‹ምንጩ ያንቺ ነው› ሳይለኝ ቀረ?»